«መጀመሪያ የመቀመጫዬን» ፤ የጉና ጭላዳና ዘመዶቹ

ሰውነቷን በሙሉ እሾኽ የወጋት ዝንጀሮ «ከየትኛው እንጀምርልሽ?» ተብላ ብትጠየቅ «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» ብላ መለሰች ይባላል። ይህን ተረት የማያውቅ አንባቢ አይኖርም። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰውም ሰው ከሥራው ሁሉ ዋናውን እንዲያስቀድም ለመምከር ነው እንጂ ለዝንጀሮዋ አስበንላት አይደለም። ዳሩ ግን ተረቱን ያወጡት አባቶች እንስሳዪቱን አጥብቀው የተመለከቱ ሰዎች ኖረዋል። የደጋችን ዝንጀሮ ቀኑን የምታሳልፈው ተቀምጣ ነው፤ የምትበላው ተቀምጣ ነው፤ ከአንዱ ሣር ወደ ሌላው የምትሻገረውም ብዙውን ጊዜ በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ነው። እሾኹ ከዚያ ካልወጣላት እንጀራዋ ተቋረጠ ማለት ነው።

ዛሬ ከአንባብያን ጋር ለመጨዋወት የመረጥነው ስለዚችው እንስሳና ስለ ዘመዶቿ ነው። ቦታችን ደብረ ታቦርና ዙሪያዋ፣ ይኸውም ቀድሞ በበጌምድር ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ይቈጠር የነበረው የዛሬው ደቡብ ጎንደር ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቀና ብሎ ለተመለከተ ሰው የጉና ተራራ ይታየዋል። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ፋርጣ፣ እስቴና ላይ ጋይንት ይካፈሉታል፤ ርብና ጉማራም ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በአናቱ ጓሳና ጅብራ፣ በወገቡ የገብስና የድንች ማሳ፣ በጥጉ ደግሞ ገደል አለ። የጭላዳ ማደሪያ ገደል ነው፤ ማለዳ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ አፋፉ ወጥቶ በሣሩ ላይ ይሰማራል።

ገብስ በሚያሸትበት ወራት ከማሳው ዳር የቆመ ልጅ «ዝንጀሮ መጣ!» ብሎ ሲጮኽ ወንጭፉና ጅራፉ ይነሣል። ልጁ የሚጮኸው ስለ ቤተሰቡ እንጀራ ነውና ልንፈርድበት አይገባንም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እናንሣ፤ የመጣው የትኛው ዝንጀሮ ነው? ጥያቄው የቀለም ትምህርት ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። ጠባዩን የማያውቁትን ጠላት መከላከል፣ ጠባዩን የማያውቁትንም ወዳጅ መጠበቅ አይቻልም። የእንስሳን ጠባይ አስቀድሞ የሚናገረው ደግሞ የገላው አሠራር ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሊቃውንት እንዴት ይለዩአቸዋል?

የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1758 ባሳተመው መጽሐፍ እንስሳትን ሁሉ በየመደባቸው ሲያሰልፍ፣ ሰውን፣ ዝንጀሮንና ጦጣን በአንድ መደብ አስገብቶ «ፕሪማተስ» አላቸው። ትርጓሜው «ቀዳማውያን» እንደ ማለት ነው። የሚያስገርመው ግን የሌሊት ወፍንም እዚያው ውስጥ መጨመሩ ነው። በኋላ የመጡ ሊቃውንት የሌሊት ወፍን አውጥተው ለብቻዋ መደብ ሰጥተዋታል። ከዚህ የምንረዳው መደብ ማውጣት አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚያልቅ መዝገብ ሳይሆን፣ እየተመረመረ የሚታረም ሥራ መሆኑን ነው። ዛሬ በዚህ መደብ ከ500 የሚበልጡ ዝርያዎች ይቈጠራሉ። በጥቅሉ ዓይኖቻቸው ወደ ፊት የሚያዩ፣ ጣቶቻቸው ለመጨበጥ የተሠሩ፣ አንጎላቸው ከገላቸው ጋር ሲመዛዘን ከፍ ያለ፣ ብዙውን ጊዜም አንድ አንድ የሚወልዱ ናቸው።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር እናቃና። ሳይንስ «ሰው ዛሬ ከምናየው ዝንጀሮ ተወለደ» አይልም። የሚለው ሁለቱም ከረጅም ዘመን በፊት ከነበረ የጋራ ጥንት ተነሥተው በየመንገዳቸው መጡ ነው። ዛሬ ያለው ዝንጀሮ የሰው አያት አይደለም፤ በዘመን ርቆ የሄደ ዘመድ ነው።

አንባቢ መደቡን በቀላሉ እንዲለይ አምስት ምልክቶች እናስታውስ፤ አፍንጫ፣ ጅራት፣ ጥርስ፣ እጅና መቀመጫ።

አፍንጫው እንደ ውሻ እርጥብ የሆነ ወገን አለ። የማዳጋስካር ሌሙር ከዚህ ወገን ነው። በእኛም አገር በስምጥ ሸለቆ ግራሮች ላይ ሌሊት የሚወጣ፣ ዓይኑ ትልቅ፣ ገላው ትንሽ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚወረወር ጋላጎ የሚሉት እንስሳ አለ፤ እርሱም የዚሁ ወገን ነው። ነፍሳትና የግራር ሙጫ ይመገባል።

አፍንጫቸው ደረቅ ከሆኑት መካከል የደቡብ አሜሪካ ጦጣዎች ቀዳዳው ወደ ጎን የሚከፈት ጠፍጣፋ አፍንጫ አላቸው፤ የአፍሪካና የእስያዎቹ ግን ቀዳዳው ወደ ታች የሚመለከትና የተጠጋጋ ነው። በጅራቱ ተንጠልጥሎ የሚታይ ጦጣ የምናየው በሥዕልና በፊልም ነው፤ ይኸውም ከደቡብ አሜሪካ አንዳንዶቹ ብቻ ናቸው። የእኛ አገር ጦጣ ጅራቱ ሚዛን ለመጠበቅ እንጂ ለመጨበጥ አያገለግለውም። ጭራሽ ጅራት የሌላቸው ደግሞ ጊቦን፣ ኦራንጉታን፣ ጎሪላ፣ ቺምፓንዚ፣ ቦኖቦና ሰው ናቸው።

ጥርስን የቈጠርን እንደሆነ አብዛኞቹ የደቡብ አሜሪካ ጦጣዎች 36 ሲኖሯቸው፣ የአፍሪካና የእስያዎቹ እንደ ሰው 32 አላቸው። መቀመጫን በተመለከተ ደግሞ የአፍሪካና የእስያ ጦጣና ዝንጀሮ ሁሉ ፀጉር የሌለው፣ እንደ ጫማ ሶል የደነደነ ቆዳ በመቀመጫው ላይ ይዞ ይወለዳል። በዛፍ ቅርንጫፍ ወይም በገደል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚያድር እንስሳ ያለዚህ ሊኖር አይችልም። ብዙ ጊዜ የሚሣቅበት መላጣነት እንግዲህ ጉድለት አይደለም፤ የተፈጥሮ ትራሱ ነው። የእጅን ነገር ግን እንስሶቹን አንድ በአንድ ስንመለከት እናገኘዋለን።

አራቱ ጎረቤቶች

ከጣና ዳር ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ጉና የሚወጣው አገር አራት ዓይነት እንስሳ ለይቶ የሚያውቅ ዓይን ይፈልጋል።

የመጀመሪያዋ ጦጣ ናት። ፊቷ ጥቁር፣ የጉንጯ ፀጉር ነጭ፣ ገላዋ ትንሽና ቀልጣፋ ነው። በሳይንስ ስሟ ውስጥ «ኤትዮፕስ» የሚል ቃል አለ፤ ስሙን የሰጣት ራሱ ሊኔየስ ነው። በጉንጯ ውስጥ ከረጢት አላት፤ ያገኘችውን ሞልታ ትሸሻለች፣ ተሸሽጋም ታላምጣለች። ስለዚህ ጦጣ ማሳ የምትገባው ቁጥቋጦና ዛፍ በሚቀርብበት በኩል ነው። የእርሷ የቅርብ ዘመድ የሆነች የባሌ ጦጣ በደቡብ ደጋዎቻችን በቀርከሃ ደን ትኖራለች፤ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አትገኝም። የሳይንስ ስሟም ጃምጃም ከተባለው አገር የወጣ ነው።

ሁለተኛው ጉሬዛ ነው። ጥቁርና ነጭ ካባ የለበሰ፣ ከዛፍ ብዙ የማይወርድ፣ ጥንታዊ ዛፍ በተረፈበት ደን የሚገኝ እንስሳ ነው። እጁን የተመለከትን እንደሆነ አውራ ጣቱ የለችም፤ ቢበዛ ጕጥ ናት። የወገኑ ስም «ኮሎቡስ» የወጣው «ጎዶሎ» ከሚል የግሪክ ቃል የሆነውም በዚሁ ነው። በቅርንጫፍ መካከል እጁን እንደ መንጠቆ ለሚጠቀም እንስሳ አውራ ጣት ማነቆ እንጂ መርጃ አትሆነውም። የጉንጭ ከረጢትም የለውም። ጨጓራው ግን እንደ ላም ሆድ በክፍል በክፍል ተሠርቶ ቅጠል የሚብላላበት ነው። ስለዚህ ጉሬዛ ምግቡ ዛፉ ላይ ስለ ሆነ የእህል ማሳ እምብዛም አያምረውም። ሆኖም ለቆዳው ሲባል ለብዙ ዘመን ሲታደን ኖሯል።

ሦስተኛው በቆላውና በወይና ደጋው የሚኖረው ዝንጀሮ ነው። አፈሙዙ እንደ ውሻ የረዘመ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ የወጣ ነው። ፈረንጆች ራሱ የውሻ ወይም የቀበሮ በነበረው በግብፅ ጣዖት ስም «አኑቢስ» ብለውታል። ፍሬ፣ ሥር፣ ነፍሳት፣ ሥጋም ሳይቀር የሚበላ ሁሉ በል ነው፤ ይቈፍራል፣ ዛፍ ይወጣል፣ ሩቅ ይሄዳል። እርሻን በማጥፋት ስሙ የሚነሣው በእውነትም ይህኛው ነው። በአዋሽ በረሃና በምሥራቅ ቆላ ደግሞ ወንዱ ብርማ ጎፈር የሚያበቅል ሌላ ወንድም አለው። ሁለቱ በአዋሽ ፏፏቴ አካባቢ ይገናኙና ይዋለዳሉ፤ ስለዚህም ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያ ቦታ የዝርያን ድንበር ለሚመረምሩ ሊቃውንት ትልቅ ትምህርት ቤት ሆኗል።

አራተኛው የጉና ባለቤት ጭላዳ ነው።

ተቀምጦ የሚበላው

በአማርኛ «ጭላዳ ዝንጀሮ» እንላለን፤ ፈረንጆችም ለረጅም ጊዜ ከዝንጀሮ ደምረውታል። ገላው ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ፊቱ አጭር ነው፤ የአፍንጫው ቀዳዳ ከአፈሙዙ ጫፍ ወደ ኋላ የገባ ነው። ወንዱ ወደ 20 ኪሎ ግራም፣ ሴቲቱ ወደ 12 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ የወንዱም ጎፈር እንደ ካባ ከትከሻው ይወርዳል።

እጁ ከሁሉ ይበልጣል። ሌባ ጣቱ አጭር ስለሆነች ከአውራ ጣቱ ጋር ጫፍ ለጫፍ ትገጥማለች፤ ስለዚህ የሣር ቅጠል አንድ በአንድ እየመረጠ፣ እንደ ወስፌ እየነቀሰ ይለቅማል። ጕሬዛ አውራ ጣቱን ያጣው በዛፍ ላይ ስለሚኖር ነው፤ ጭላዳ አውራ ጣቱን ያዳበረው መሬት ላይ ሣር ስለሚለቅም ነው። ሁለት ጎረቤታሞች፣ ሁለት ኑሮ፣ ሁለት እጅ!

መንጋጋው ቁመተ ረጅምና ሸንተረራም ነው፤ ሣርን እንደ ወፍጮ ይፈጫል። በዓለም ካሉት የመደቡ እንስሳት መካከል ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ ከጭላዳ በቀር ዛሬ ሌላ የለም። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ በጥፍሩ እየቈፈረ ሥርና ኮረት ያወጣል።

የደረቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በወንዱም በሴቲቱም ደረት ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ሥፍራ አለ። በሌሎች ዝንጀሮዎች ሴቲቱ ወንድ የምትፈልግበት ወራት መድረሱ የሚታወቀው በኋላዋ እብጠት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ለምትውል ጭላዳ ግን ያ ምልክት ማን ያየዋል? ስለዚህ ምልክቱ በደረቷ ላይ ይታያል፤ በቀዩ ሥፍራ ዙሪያ እንደ ዶቃ የተደረደሩ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። በወንዶችም መካከል የሴቶች ጭፍራ ያለው አውራ ደረቱ ከሌሎቹ ይልቅ ደም መስሎ ይቀላል። የላይ ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ጥርሱንና ድዱን ሲያሳይ እንግዳ ሰው የሣቀ ይመስለዋል፤ ሣቅ አይደለም፤ የፍርሃት ወይም የዛቻ ምልክት ነው።

ከሰሜን ተራራ እስከ ፍራንክፈርት

ጭላዳን ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ፣ ደብረ ታቦር የየጁ መሳፍንት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ ወደ አገራችን መጥቶ በሰሜን ተራሮችና በጎንደር ተመላልሷል። በ1835 ሁለት የደጋችንን እንስሳት ሲያስመዘግብ አዲስ ስም አልፈለገላቸውም፤ የአገሬውን ስም ወስዶ አንዱን «ገላዳ»፣ ሁለተኛውን «ጉዌሬዛ» አላቸው። ስለዚህ ዛሬ በቶኪዮም ሆነ በለንደን ስለ እነዚህ እንስሳት የሚጽፍ ሊቅ ሁሉ ሳያውቀው የባላገሮቻችንን ቃል ይጽፋል።

ሩፔል ስሙን ቢያገኝም መደቡን ስቷል። ጭላዳን ከእስያዎቹ የማካክ ጦጣዎች ጋር ደመረው። በ1843 የፈረንሳዩ ኢዚዶር ዦፍሯ ሴንት ኢሌር ከዚያ አውጥቶ ለብቻው ወገን ሰጠውና «ቴሮፒቴኩስ»፣ ይኸውም «አውሬ ዝንጀሮ» አለው። እረኛው ከሁለቱም ሊቃውንት በፊት ለይቶት ነበር፤ ስሙን ለብቻው አውጥቶለታልና።

የአንድ ትልቅ ቤት የመጨረሻ ልጅ

ጭላዳ ብቸኛ የሆነው ሁልጊዜ ብቸኛ ስለነበረ አይደለም። የወገኑ አጥንት በኦሞ፣ በአፋር ሐዳር፣ በኬንያና በታንዛንያ፣ ከአፍሪካም ውጭ በስፔንና በህንድ ተገኝቷል። በሐዳር የተገኘው ድንቅነሽ ከኖረችበት አገር ነው፤ እርሷ በ1974 የተገኘችው፣ ዕድሜዋም ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚገመተው ማለት ነው። ከጭላዳው ዘመዶች መካከል ከዛሬው በብዙ የሚበልጥ ግዙፍ ነበረ። ያ ሁሉ ጠፍቶ ዛሬ የቀረው አንዱ፣ እርሱም የኢትዮጵያ ደጋ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

ይህ አንዱም ራሱ አንድ ላይሆን እንደሚችል በ2022 የታተመ የዘር ጥናት አሳይቷል። በሰሜን ተራሮች የሚኖሩት ጭላዳዎች 44 ክሮሞሶም ሲኖሯቸው፣ የመካከለኛው ደጋ ወገን የሆኑት 42 ናቸው። የክሮሞሶም ቍጥር መለያየት መዋለድን የሚያሰናክል ነገር ስለሆነ፣ አጥኚዎቹ ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ ዝርያ ሊባሉ ይችሉ ይሆናል ብለዋል። ጉና የቆመው በሰሜን ተራሮችና በሸዋ ደጋ መካከል ነው። ከጉና ገደል የሚጠፋ መንጋ እንግዲህ ከመጽሐፍ መካከል የተገነጠለ ቅጠል ነው፤ ፊተኛውንና ኋለኛውን ገጽ ማገናኘት ያስቸግራል።

ሣሩና ማሳው

አሁን ወደ ልጁና ወደ ወንጭፉ እንመለስ። ጭላዳ ገብስ አይበላም ብለን ብንጽፍ የጉና ገበሬ ይሥቅብናል፤ መብቱም ነው። ገብስ ራሱ ሣር ነው፤ ለጭላዳ ዓይን የገብስ ማሳ ማለት ከሣር ሁሉ የወፈረ፣ ከሣር ሁሉ የጣፈጠ ሣር ማለት ነው። ድሮ መስኩ ሰፊ በነበረ ጊዜ ገብሱ ከገደሉ ይርቅ ነበር። የሰው ቍጥር ሲበዛ፣ የሚታረስ መሬት ሲጠብ፣ ሞፈሩ ወደ ላይ ወጣ፤ ከብቱም የቀረውን ሣር ተካፈለ። ጭላዳ ወደ ማሳው መጣ እንላለን፤ ብዙ ጊዜ ግን ማሳው ነው ወደ ጭላዳ የመጣው። ዕዳውን የሚከፍለው ደግሞ ማሳ የሚጠብቀው ልጅ ነው፤ ጓደኞቹ ትምህርት ቤት ሲውሉ እርሱ ከማሳ ዳር ይውላል።

የገላው አሠራር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ጭላዳ እንደ ቆላው ዝንጀሮ ሩቅ አገር አይዞርም፤ ሲደነግጥ የሚሸሽበትን ገደል ትቶ ብዙ አይርቅም። ዛፍ ላይም እንደ ጦጣ አይሸሸግም። ስለዚህ ከሁሉ የሚጐዳው በገደሉ ከንፈር ላይ የታረሰው ማሳ ነው። ከገደሉ ጥግ ጥቂት ስፋት ያለው ሣር ሳይታረስ ቢቀር፣ ከዚያ ቀጥሎም እንደ ድንች ያለ ሣር ያልሆነ አዝመራ ቢዘራ፣ ገብሱም ወደ ውስጥ ቢገባ፣ ለእንስሳውም ለጠባቂውም ይቀላል። ቁጥቋጦ ያለበት ማሳ ግን ጠላቱ ጦጣ ነውና ጥበቃው ሌላ ነው። ሁሉን «ዝንጀሮ» ብሎ በአንድ ወንጭፍ ማባረር በሽታን ሁሉ በአንድ መድኃኒት እንደ ማከም ይቈጠራል።

መስክን መጠበቅ ለአገሩ ሰው አዲስ ነገር እንዳልሆነ ለማየት ከጉና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወርዶ የመንዝን ጓሳ መመልከት ይበቃል። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ያንን የጓሳ ሜዳ በደንብ ከልለው፣ ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ ለክዳንና ለግጦሽ እየከፈቱ ኖረዋል። በ1975 የወጣው የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ነዋሪው በኋላ መልሶ የጋራ ጥበቃ አቁሞለታል። ዛሬ በዚያ ሜዳ ላይ ጭላዳ በብዙ መቶ እየሆነ ይሰማራል፤ ቀይ ቀበሮም በመካከሉ ይመላለሳል፤ ጭላዳውም አይሸሸው። በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ቀይ ቀበሮ ብቻውን አይጥ ሲያድን ከመቶ 25 ጊዜ ሲቀናው፣ በጭላዳ መንጋ ውስጥ ሆኖ ሲያድን ግን ከመቶ 67 ጊዜ ይቀናዋል። ሣሩ የጠበቀው ጭላዳን ብቻ አይደለም ማለት ነው። የመንዝ ገበሬም ለቤቱ ክዳን፣ ለከብቱም የክፉ ቀን ግጦሽ የሚያገኘው ከዚያው ሜዳ ነው።

እንግዲህ ጨዋታችንን በጀመርንበት ተረት እንጨርስ። ጭላዳን እንጠብቅ ሲባል አንዱ ስለ ጎፈሩ፣ ሌላው ስለ ጐብኚው፣ ሦስተኛው ስለ ክሮሞሶሙ ያነሣል፤ ሁሉም ተገቢ ነገር ነው። ጭላዳው ራሱ ቢጠየቅ ግን መልሱን እናውቀዋለን። የሚቀመጥበት ሣር ነው፤ ሣሩ ከሌለ እጁም ጥርሱም ደረቱም ዋጋ የለውም። ገበሬውም ቢጠየቅ ከዚህ የተለየ አይመልስም፤ እርሱም አስቀድሞ የሚያስበው ስለሚቀመጥበት መሬት ነው። በጉና ላይ የሁለቱ መልስ አንድ ከሆነ፣ ሥራውም መጀመር ያለበት ከዚያው ከመቀመጫው ነው።